ቀበሮና አይጥ የተማማሉበት ጉዞ

ካርቱን ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ይሰበሰባሉ፤ የበለዓም አህያም አፍ አውጥታ ጌታዋን ትሞግታለች። ስለዚህ ቀበሮ ሲናገር ብናይ አንደነግጥም። የሚናገረው ነገር ይረባል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

«የፋርዚንግ ዉድ እንስሳት» የተባለው ተከታታይ ፊልም የተሠራው እንግሊዛዊው ደራሲ ኮሊን ዳን በጻፋቸው መጻሕፍት ላይ ተመሥርቶ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው በ1979 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ፊልሙ ከ1993 ጀምሮ በሦስት ምዕራፍ፣ በ39 ክፍል ለቴሌቪዥን ቀርቧል። ሰዎች ቤት ሊሠሩበት ጫካውን ይመነጥራሉ፤ እንስሳቱ የሚጠጡበት ኩሬም ይደፈናል። መሄጃ ያጡት እንስሳት በባጀር ጉድጓድ ይሰበሰባሉ። ባጀር ፊቱ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው፣ መሬት ቆፍሮ የሚኖር የአውሮፓ አውሬ ነው። ጉርጥ በሩቅ አገር «ነጭ አጋዘን ፓርክ» የሚባል የተከለለ ሥፍራ አይቶ መጥቷል። እርሱ መንገድ ሊያሳይ፣ ቀበሮ ሊመራ ይስማማሉ።

ከመነሣታቸው በፊት ግን ይማማላሉ። በጉዞው ላይ አንዱ ሌላውን አይበላም፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። እኔ ልብ በሉት የምላችሁ ይህን መሐላ ነው። አይጧን ምንም አያስከፍላትም፤ አይጥ መቼም ቀበሮ በልታ አታውቅም። የሚከፍሉት ቀበሮ፣ ጉጉት፣ ጭልፊትና እፉኝት ናቸው። ጉጉቷ ሆዷ እየጮኸ፣ ትናንት ራቷ ከነበረችው አይጥ ጎን ታድራለች። እኛ በኅብረታችን «እንዋደድ» ስንባባል ሁላችንም እኩል የምናዋጣ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ደፍሮ የሚናገረው፣ ድምፁ የሚያምረው፣ አባቱ ሽማግሌ የሆነው ልጅ የሚተወው ነገር አለው፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ልጅ ግን የምትተወው የላትም። መዝሙር 15 በጌታ ድንኳን ማን እንደሚያድር ሲጠይቅ፣ የማለው ነገር ቢጎዳውም ቃሉን የማያጥፈውን ሰው ይቆጥራል። ቀበሮው የገባው ይህ ነው።

ሁለተኛው ዋጋ ፍጥነት ነው። ጭልፊቷ ብቻዋን ብትሆን በጥቂት ጊዜ በርራ በደረሰች ነበር። ነገር ግን ጉዞው የሚለካው በትንንሾቹ እግር ነው፤ ፍልፈልም በባጀር ጀርባ ላይ ይታዘላል። ዘፍጥረት 33ን አስታውሱ። ዔሳው አብረን እንሂድ ሲለው ያዕቆብ አመስግኖ፣ በልጆቹና በሚያጠቡት ከብቶች እርምጃ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ ይነግረዋል። አንድ ቀን ቢያጣድፏቸው መንጋው ያልቃልና። የኅብረታችሁን ፕሮግራም ስታወጡ በማን እግር ትለካላችሁ? ከሥራ ወጥቶ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሮ፣ ልምምዱ ሊያልቅ ሲል የሚደርሰውን ልጅ «አይተጋም» ብላችሁ ከመዘምራን ከማስወጣታችሁ በፊት ይህን ፊልም አንድ ላይ እዩት።

ፊልሙ አያባብልም። መሐላ የገባ ሁሉ በደኅና ይደርሳል አይላችሁም። አውራ ጎዳና ሲያቋርጡ ሁለቱ ሽማግሌ ጃርቶች (እኛ ጃርት ከምንለው ያንሳሉ) መኪና ሲመጣባቸው እንደ ኳስ ተጠቀለሉ። ከአውሬ ሁሉ ያዳናቸው ብልሃት ከጎማ አላዳናቸውም። ምንም ኃጢአት አልሠሩም፤ ፊልሙም አይፈርድባቸውም። ከዚህ ይልቅ ልቤን የነካው የፌዛንቱ ታሪክ ነው። ፌዛንት የቆቅ ዘመድ ነው፤ ወንዱ ባለ ብዙ ቀለም፣ ኩሩ ወፍ። ዘብ የመቆም ተራ ሲደርሰው ሚስቱን ላካት፤ ገበሬው ተኩሶ ገደላት። በኋላ ወደዚያ ሲመለስ ተጠብሳ አያት፤ እርሱም እዚያው ተመታ። መሐላውን በአፉ አላፈረሰም፤ ሸክሙን ብቻ ለሌላ አሳለፈ። ስንቶቻችን ነን የጽዳቱን ተራ፣ የሕሙማን ጥየቃውን ተራ «ለእህቶች» ብለን የምናሳልፈው?

ስለዚህ ለትንንሽ ልጆች አታሳዩ። መንገድ ላይ የተወለዱ የአይጥ ግልገሎችን አንድ ወፍ ገድሎ እሾህ ላይ ሲሰካቸው የሚታይበት ክፍል አለ፤ ለእኔም ከብዶኛል። ፊልሙን የምወቅሰው ግን ሞቱን ስላሳየ አይደለም፤ ቶሎ ስለሚያልፈው ነው። ሐዘኑ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው አደጋ ይሮጣሉ።

ሌላም የማልስማማበት ነገር አለ። ቀበሮው በዚያ ሁሉ ጉዞ ምን ይበላ ነበር? ያልማለውን ነዋ! ሌላ ጫካ የተወለደች አይጥ በመሐላው ውስጥ የለችም። ፊልሙ ይህን ጥያቄ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ እኛ ግን ልንገፋው አንችልም። ኢሳይያስ በ11ኛው ምዕራፍ ያየው ተኩላና በግ የመንገድ ስምምነት ፈርመው አይደለም አብረው የሚያድሩት። ያ ሰላም ጫካ አይመርጥም። የእነዚህ እንስሳት መሐላ ጥሩ ነው፤ ግን የቡድን መሐላ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ይህን ሳያስበው ያጋልጠዋል። ፓርኩ ሲገቡ ዕረፍት የለም። ክፉ ክረምት ይመጣል፤ ሕገ ወጥ አዳኞች ይመጣሉ፤ ቀድመው እዚያ የነበሩት ሰማያዊ ቀበሮዎችም መጤዎቹን ይጠላሉ። አለቃቸው ባለጠባሳው የቀበሮውን ልጅ ድሪመርን ገደላት። መጨረሻ ላይ ባለጠባሳውን በመርዟ የጣለችው እፉኝቷ ነች፤ ስትምል እያመነታች የማለች፣ ብዙ የማይታመኗት እፉኝት። እባብ ሲባል ገነት ለሚታወሰን ለእኛ ይህ ይከብዳል፤ ቢሆንም ቃሏን ጠበቀች። ሦስተኛው ምዕራፍ ላላ ያለ ነው፤ ጊዜ ካጠራችሁ እርሱን ዝለሉት።

አንድ ትዕይንት ግን እንዳያመልጣችሁ፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ መገባደጃ ላይ ነው። እንስሳቱ ከተማ ሲያቋርጡ ዝናብ ይይዛቸውና ቤተ ክርስቲያን ገብተው ይጠለላሉ። በማግስቱ እዚያው ሠርግ አለ። እስከዚህ ድረስ ከእንስሳቱ ጋር ስንጓዝ፣ እኛም ቤት ፈላጊ መንገደኞች ነን እያልን ስናዝን ነበር። አሁን በሩ ተከፍቶ ለብሰው አጊጠው የሚገቡትን ሰዎች እዩዋቸው። አግዳሚ ወንበሩን እናውቀዋለን፤ አበባውንም እናውቀዋለን። ከወንበሩ ሥር ደግሞ ቀበሮና አይጥ፣ ረጥበውና ደክመው፣ መውጫ በር በዓይናቸው እየፈለጉ ነው።