«ካሜራ አለህ አይደል?»

አዳማ ውስጥ አንድ ወጣት ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መታየት ከጀመረ መጠሪያው ወዲያው ይቀየራል። እስከ ትናንት «የእነ እንትና ልጅ» ነበር፤ ዛሬ «ካሜራ ያለው ልጅ» ነው። ልብ በሉልኝ፣ «ፎቶግራፍ አንሺው» አላልንም። የዚህ ሙያ ችግር ከዚህች አጠራር ይጀምራል ባይ ነኝ። የስፌት መኪና ያለውን ሁሉ ልብስ ሰፊ አንልም፤ ምጣድ ያላት ሁሉ እንጀራ ጋጋሪ ተብላ አትቀጠርም። ካሜራ ላይ ስንደርስ ግን ዕቃው ባለቤቱን ይውጠዋል።

እናም ስልኩ ይጮኻል። «አንተ ልጅ፣ የእህትህ ቀለበት ቅዳሜ ነው፤ ካሜራ አለህ አይደል? ብቅ በልና ሁለት ሦስት አንሳን።» ሁለት ሦስት የተባለው ማታ አራት ሰዓት ላይ ስድስት መቶ ይሆናል። ሰው ሲበላ እሱ ቆሞ ነው፤ ኬክ ሲቆረስ ወንበር ላይ ወጥቶ ነው። ለድንኳኑ ተከፍሏል፣ ለወንበሩ ተከፍሏል፣ ለዲጄው ቀብድ ሳይቀር ተሰጥቷል። ለእሱ ደግሞ «ተባረክ ልጄ፣ በሠርግህ ብድርህን እንመልሳለን!» ምርቃት መልካም ነገር ነው፤ ግን ሜሞሪ ካርድ አይገዛም።

ዘመድ ለዘመድ አይድረስ ማለቴ አይደለም። ጀማሪ እጁን የሚያፍታታበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ሁለት ሦስት ድግስ በነፃ ቢያነሳ ለትምህርቱ የከፈለው ነው ብለን እንለፈው። ክፋቱ ነፃው ማለቂያ የለውም። ልጁ አንድ ቀን ጨክኖ ዋጋ ሲጠራ «አንተም ነጋዴ ሆንክ?» ይባላል። ዋጋ ካልጠራ ደግሞ «ሥራ ያዝ እንጂ፣ እስከ መቼ በካሜራ ትጫወታለህ?» የሚሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ታዲያ በየት በኩል ይለፍ?

ስለዚህ ከአማተርነት ወደ ሙያ የሚወስደው የመጀመሪያ እርምጃ አዲስ ሌንስ አይመስለኝም። ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የፎቶው ብዛት፣ ማስረከቢያው ቀን፣ ቀብዱ፣ ፎቶውን ማን የት ሊያወጣው እንደሚችል የተጻፈበት፣ ሁለት ፊርማ ያረፈበት ወረቀት። ይህ ሥራ ወቅት አለው፤ ጥር ላይና ከፋሲካ ማግስት ሠርግ በሠርግ ይሆናል፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ምረቃ ይመጣል። በዐቢይ ጾም ክርስቲያኑ ሠርግ ስለማይደግስ ካሜራውም አብሮ ይጾማል። አዳማ የስብሰባ ከተማ ስለሆነች በመሃል የሆቴል አዳራሽ ሥራ ይገኝ ይሆናል፤ እሱም ቢሆን ክፍያው ሲዘገይ ማስታወሻ ይፈልጋል። በወር ደመወዝ የለመደ ቤተሰብ ይህን የገቢ አካሄድ አይረዳውም፤ ልጁ ራሱ ካልጻፈው ማን ይጽፍለታል?

ሕጉማ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ፎቶግራፍን እንደ ሥራ ቆጥሮ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት የአንሺውን ጥቅም ይጠብቃል። በሌላ በኩል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንዱ ሕግ ለአንሺው፣ ሌላው ለተነሺው። እኛ ግን ሁለቱንም ረስተናል። የላንጋኖን ፀሐይ መጥለቅ ያነሳው ልጅ ሥራውን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካላንደር ላይ ያገኘዋል፤ ስሙ የለም። ሙሽራዪትም ፊቷን ሳትጠየቅ የስቱዲዮ መስኮት ላይ ተለጥፎ ታገኘዋለች። ሁሉም «ምን አለበት?» ባይ ነው።

ወደ ባለ ካሜራዎቹም ልምጣ፤ እነሱም ቢሆኑ ከወቀሳ አያመልጡም። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ የሠርግ አልበም ገልብጡ፤ ሙሽሮቹ ይለያዩ እንጂ ፎቶው አንድ ነው። ያው ዛፍ ተደግፎ መሳቅ፣ ያው ቬሎ ወደ ላይ መወርወር። ጠይሟን ልጅ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው እናቷ እስክትጠራጠር ድረስ ያነጧታል። የባቱን ሐይቅ (የቀድሞውን ዝዋይ ማለቴ ነው) ከኋላ ቆርጠው ጥለው የውጭ አገር ፎቅ ይተክሉበታል። አልበሙ ደግሞ ልጅ ተወልዶ ክርስትና ሲነሳ ይደርሳል። «ምነው ዘገየ?» ሲባሉ «ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶ...» ኧረ ተዉን! ዋጋ የሚጠራ ሰው በቀጠሮው መገኘትንና ፋይሉን ሁለት ቦታ ማስቀመጥን አብሮ ሊማር ይገባዋል።

የዚህ አካባቢ ጀማሪ ርዕስ አጣሁ ሊል አይችልም። የወንጂ ሸንኮራ፣ የመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ የባቱ ዓሣ አጥማጆች፣ ከአዳማ በላይ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የንፋስ ተርባይኖች፣ በየዓመቱ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ የሚከበረው ኢሬቻ... ሁሉም ደጃፉ ላይ ነው። ሐዘኑም እንደዚያው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። የአሶሺየትድ ፕሬሱ ሙሉጌታ አየነ በአደጋው ስፍራ አንዲት ዘመዷን ያጣች ሴት አፈር ፊቷ ላይ ስትበትን ያነሳው ፎቶ በ2012 ዓ.ም. በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ለዓመቱ ምርጥ ፎቶግራፍ ከታጩት ስድስት ሥራዎች አንዱ ሆነ። በዚያ ፎቶ ውስጥ የተቀባ ፊት የለም፤ የተተከለ ፎቅ የለም። ዓለም ቆሞ ያየው እንደዚያ የሚያለቅሰውን የእኛን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ ካሜራ ዝቅ እንደሚደረግ የሚያውቀው ደግሞ ዕቃው ሳይሆን ሰውየው ነው።

ሙያው ድሮም በቀላሉ አልተያዘም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ሲያነሳ ኖሮ ሥራውን ለልጆቹ አወረሰ፤ እነሱም የአፄ ኃይለ ሥላሴን ዘመን አነሱ። የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፈር ሽመልስ ደስታ ደግሞ ሲሰደድ ኔጋቲቮቹን ይዞ ለንደን ገባ፤ ዛሬ ያን ዘመን የምናይበት አንዱ መስኮት እሱ ያዳነው ፊልም ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. አይዳ ሙሉነህ አዲስ ፎቶ ፌስትን ስትመሠርት የእኛ አንሺዎች ሥራ ከአልበም ወጥቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀልበት አደባባይ ተገኘ። ግን አዲስ አበባ ነው። አዳማ ላይ፣ ይህን ሁሉ የሆቴል አዳራሽ ታቅፈን፣ የአንድ ጀማሪ ሃያ ፎቶ ለአንድ ሳምንት የሚሰቀልበት ግድግዳ ለመስጠት ምን ያህል ይከብደናል? ስብሰባው እንደሆነ የሻይ እረፍት አለው፤ ተሰብሳቢው ቆሞ ያይለታል።

እንግዲህ የቀረው የእኛ የደጋሾቹ ድርሻ ነው። ለድንኳን የማናቅማማ ሰዎች፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ በእጃችን የሚቀረው ፎቶው ብቻ መሆኑን እናስብ። ወላጆቻችን ስቱዲዮ ገብተው፣ ኮት ተውሰው፣ ከፍለው የተነሱትን አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ ሰቅለን እንሳለመዋለን። ቀጣዩን ልጅ ስንጠራው «ካሜራ አለህ አይደል?» አንበለው። «ዋጋህ ስንት ነው? ከፎቶው ሥር ስምህን ማን ብለን እንጻፍ?» እንበለው። ያኔ ፎቶው ከዘገየም፣ ፊታችን ከነጣም፣ አፋችንን ሞልተን የምንወቅሰው ባለሙያ ይኖረናል።