የባለቤትነት መዝገብ የዘለላቸው እጆች፦ የሄርውድ ጠረጴዛ ሲመረመር

በእንግሊዝ አገር፣ በሊድስ ከተማ በሚገኘው የቴምፕል ኒውሳም ሙዚየም፣ በ1771 ገደማ (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠራ ትልቅ የጽሕፈት ጠረጴዛ አለ። የባለቤትነት ታሪኩ አጭር ነው። የላሰልስ ቤተሰብ ለሁለት ምዕተ ዓመት ያህል በሊድስ አቅራቢያ በሚገኘው በሄርውድ መኖሪያው ቤተ መጻሕፍት አኖረው፤ በ1965 ተሸጦ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ይህ መዝገብ ሐሰት የለበትም፤ ጎደሎ ግን ነው የሚለው የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ነው።

ከሥራው እንጀምር። ጠረጴዛው የቶማስ ቺፔንዴል ወርክሾፕ ውጤት ነው። ቺፔንዴል በ1718 የተወለደው ከሄርውድ ብዙም በማትርቀው ኦትሊ ነው፤ በ1754 ባሳተመው የቤት ዕቃ ንድፍ መጽሐፍም ስሙ ገነነ። ጠረጴዛው የተጌጠበት ጥበብ ማርኬትሪ ይባላል። ባለሙያው ቀለማቸው የሚለያይ ስስ የእንጨት ልጣጮችን ቆርጦ እንደ ሥዕል ይገጣጥማቸዋል፤ ቅጠሉም የአበባው ጉንጉንም እንጨት በእንጨት ላይ ነው። ዛሬ የምናየው ቡናማ መልክ ብርሃን ያደበዘዘው ነው። የዘመኑ ማርኬትሪ አዲስ ሳለ ደማቅ፣ አንዳንዱም በቀለም የተነከረ ነበር። ዕቃው የቺፔንዴልን ስም ይዞ ሲዘልቅ፣ ልጣጩን የቆረጡት እጆች ግን ስም አልወጣላቸውም።

ከእነዚህም የራቁ ሌሎች እጆች አሉ። ጠረጴዛውን ያሠራው ኤድዊን ላሰልስ ሀብቱን የወረሰው ከአባቱ ከሄንሪ ነው። ሄንሪ በካሪቢያኗ ደሴት በባርቤዶስ የጉምሩክ ሹም፣ የስኳር ነጋዴና ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ገንዘብ አበዳሪ ነበር፤ በባሪያ ንግድም ተሳትፏል። ተበዳሪዎች ዕዳቸውን መክፈል ሲያቅታቸው እርሻዎቹ፣ በባርነት ከተያዙት ሰዎች ጋር፣ ወደ ቤተሰቡ እጅ ገቡ። የብሪታንያ ፓርላማ በ1833 ባርነትን የሚሽር ሕግ ካወጣ በኋላ፣ የሄርውድ ኧርል የሚል የመኳንንት ማዕረግ የያዘው የላሰልስ ቤተሰብ አለቃ በባርነት ይዟቸው ለነበሩ 1,277 ሰዎች ከ26,000 ፓውንድ በላይ ካሳ ተቀበለ። ካሳው የተከፈለው ለባለቤቱ ነው፤ ለደከሙት አንዲት ሳንቲም አልደረሳቸውም።

ሽያጩም የራሱ ምክንያት ነበረው። ስድስተኛው ኧርል በ1947 ሲሞቱ የመጣው ከባድ የውርስ ግብር ቤተሰቡን መሬትና ቅርስ እንዲሸጥ አስገደደ። ጠረጴዛው በ1965 በለንደን ጨረታ 41,000 ጊኒ (የቀድሞ የብሪታንያ የገንዘብ መለኪያ) አወጣ፤ ተመልሶም ከተሠራለት ቤት ጥቂት ማይል ርቆ ተቀመጠ። የአንድ ቤተሰብ የነበረው የከተማው ሆነ፤ ይህ በጎ ለውጥ ነው።

ውበት በራሱ ሚዛን ይመዘን፣ የገንዘቡ ምንጭ ለታሪክ ጸሐፊ ይተው የሚሉ አሉ። አልስማማም። የባለቤትነት ታሪክ የምንጽፈው ዕቃው ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ እስከሆነ ድረስ፣ መልሱን ከገዢው ደጃፍ ላይ ማቆም ጥያቄውን በግማሽ መተው ነው። የቺፔንዴልን ጥበብ ማድነቅና የሸንኮራ አገዳ ቆራጮቹን ማስታወስ አይጣረሱም፤ ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ሊሰፍሩ ይገባል። ሄርውድ ራሱ ዛሬ የሀብቱን ምንጭ በግልጽ ያነሳል። የቅርስ መዝገብ የሚጽፉም ይህን ፈለግ ይከተሉ፤ የዚህ ጠረጴዛ ታሪክ የመጀመሪያ መስመር ከባርቤዶስ ይጀምር።