ጉቶው፣ ንግግሩና የውል ሰነዱ፦ ስለ አየር ንብረት ለውጥ በተጻፉ ሁለት የወንጌላውያን መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሂስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የአገልጋዮች ሥልጠና ላይ ስለ ፍጥረት ባለአደራነት ሳስተምር፣ ከገጠር አጥቢያ የመጣ አንድ ወንጌላዊ እጁን አነሣና «መምህር፣ ዝናቡ ጊዜውን የሳተው በኃጢአታችን ነው ወይስ የመጨረሻው ዘመን ስለ ደረሰ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያቀረበልኝ ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር። ያን ቀን የሰጠሁትን መልስ ሳስታውስ ደስ አይለኝም፤ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ቀንሼ አለፍሁት። ቆይቶ ግን ጥያቄው የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ከመድረኮቻችን ስለ ድርቅ የሚሰማው ስብከት በአብዛኛው ከእነዚህ ሁለት መልሶች አይወጣም። በመጀመሪያው ምእመኑ ንስሐ ይገባል፤ በሁለተኛው ምጽአቱን ይጠብቃል። ንስሐውም ጥበቃውም ክርስቲያናዊ ነውና የማቃለል ሐሳብ የለኝም። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት ወደ ማሳው የሚወጣው ሰው በእጁ ምን ይዞ ይውጣ?

ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ሁለቱን መጻሕፍት ያነበብኋቸው። አንደኛው የከባቢ አየር ሳይንቲስቷ ካትሪን ሄይሆ እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት «ሴቪንግ አስ» ሲሆን ሌላኛው የአውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያና ሚስዮናዊ የቶኒ ሪናውዶ የሕይወት ታሪክ «ዘ ፎረስት አንደርግራውንድ» (ከምድር በታች ያለው ደን) ነው። ሁለቱም ጸሐፊዎች ወንጌላውያን አማኞች ናቸው፤ ሁለቱም መጻሕፍት በንዑስ ርእሳቸው «ተስፋ» የሚለውን ቃል ይዘዋል። ተስፋ ሲሉ ግን አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም፤ የዚህ ሂስ ክርክርም በዚሁ ልዩነት ላይ ነው።

ሄይሆ ካናዳዊት ናቸው። ወላጆቻቸው በኮሎምቢያ በሚስዮናዊነት አገልግለዋል፣ ባለቤታቸው መጋቢ ናቸው፤ እርሳቸው ደግሞ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። የመጽሐፋቸው ዋና ሐሳብ በቀላሉ ሊነገር ይችላል፦ ሰው መረጃ ስለ ተቆለለበት ወይም ስለ ፈራ ልቡን አይለውጥም፤ ስለዚህ ከሰው ጋር የሚያገናኘንን የጋራ ነገር ፈልገን ከዚያ ተነሥተን እንነጋገር። አንድ ግለሰብ ሊያደርጋቸው ከሚችላቸው ነገሮች ሁሉ ዋነኛው ስለ ጉዳዩ መናገር ነው ይላሉ። በምዕራብ ቴክሳስ ወደሚገኝ የሮታሪ ክበብ ለንግግር ሄደው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የክበቡን አራት መመዘኛ ጥያቄዎች (እውነት ነው ወይ? ለሁሉ ፍትሐዊ ነው ወይ? የሚሉትንና ሌሎቹን) አይተው፣ ያዘጋጁትን ንግግር እዚያው ቁጭ ብለው በእነዚያ ጥያቄዎች መሠረት እንደገና ያዋቀሩበት ታሪክ ከመጽሐፉ ሁሉ የማይረሳኝ ነው። ስብከትን የሚያስተምር ሰው ይህን ገጽ ሊዘለው አይገባም። አንድ ሰባኪ ጉባኤውን ሳያይ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ሁሉ ሲያራግፍ ስንት ጊዜ ተቀምጠን ሰምተናል!

በዚህ ረገድ መጽሐፉ ለእኛ ይጠቅማል። ጸሐፊዋ ራሳቸው የሚወስዷቸውን እርምጃዎች ሲዘረዝሩ፣ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ በጣሪያ ላይ መትከል፣ የአውሮፕላን ጉዞን መቀነስ፣ የሥጋ ምግብን ማሳነስ ሲሉ፣ በሦስት ጉልቻ ላይ ሽሮ የምታበስል እናት ፈገግ ትል ይሆናል። እርሳቸውም ይህ ዝርዝር ብቻውን ዓለምን እንደማይለውጥ አልሸሸጉም። የእርምጃው ዝርዝር እዚህ ባይሠራም የንግግሩ ምክር ግን ይሠራል። በእያንዳንዱ ሰንበት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ፊት ቆሞ የሚናገር ሰው ከመጋቢ ሌላ ማን አለ?

ቅር ያለኝ በተስፋው ላይ ነው። ሄይሆ በየንግግሮቻቸው ደጋግመው የሚጠቅሱት ክፍል 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥7 ነው፤ እግዚአብሔር የሰጠን የፍርሃትን መንፈስ አይደለምና ሽባ የሚያደርገን ፍርሃት ከእርሱ አይመጣም ይላሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ጳውሎስ በቁጥር 8 ወዴት እንደሚሄድ እንመልከት። በሰንሰለት የታሰረው ሐዋርያ ጢሞቴዎስን የሚጠራው አብሮት መከራ እንዲቀበል ነው። ኃይሉ የተሰጠው ለመከራ እንጂ ለመልካም ስሜት አይደለም። ሄይሆ ደግሞ ሥራው አስቀድሞ እንደ ተጀመረ፣ ድንጋዩ ቁልቁል መንከባለል እንደ ጀመረና ብዙ እጆች እንደሚገፉት ያሳያሉ፤ ተስፋቸው በአብዛኛው በዚህ ላይ ይደገፋል። ለአንባቢ ማበረታቻ ይሁን፤ ግን ድንጋዩ ነገ ቢቆምስ? ሮሜ 8፥24 የሚታየው ተስፋ ተስፋ እንዳልሆነ ያስተምረናል። እርግጥ ጸሐፊዋ ተስፋ ነገሩን ቀላል አድርጎ ከማየት እንደሚለይ በግልጽ ጽፈዋል፤ መጽሐፉም ለአማኝና ለማያምን በአንድነት የተጻፈ ስለሆነ ሙሉ ነገረ ፍጻሜ ልንጠብቅበት አይገባም። የቀረውን የመሙላቱ ሥራ የእኛ ነው ለማለት ያህል ነው።

የሪናውዶ መጽሐፍ ሌላ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባለቤታቸው ጋር በኤስ.አይ.ኤም. ሚስዮን ሥር ወደ ኒጀር ሄደው በማራዲ አካባቢ ችግኝ ያስተክሉ ነበር። ችግኞቹ በብዛት ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ቀን መኪናው በአሸዋው ላይ እንዲሄድ የጎማውን አየር ሊቀንሱ ወርደው ዙሪያውን ሲመለከቱ ባዶ መሬት ብቻ ነበር የሚታየው። ተስፋ በቆረጠ ልብ ጸለዩ። ከዚያም ቁጥቋጦ የመሰላቸውን ነገር ቀርበው ሲያዩት ከተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ላይ ያቆጠቆጠ ቅርንጫፍ ሆነ። ያ በረሃ የመሰለ ምድር በሕያው ሥር የተሞላ ነበር ማለት ነው። መትከል ሳያስፈልግ፣ የሚወጡትን ቅርንጫፎች መርጦ መግረዝና ከእንስሳ መጠበቅ በቂ ሆነ። በሃያ ዓመት ውስጥ በኒጀር 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በዚህ መንገድ ዛፍ ለብሷል።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰባኪ ወዲያው ወደ ኢዮብ 14፥7 እንደሚሮጥ አውቃለሁ፤ እኔም ሮጫለሁ። የተቆረጠ ዛፍ ደግሞ ያቆጠቁጥ ዘንድ ተስፋ እንዳለው፣ ሥሩ በምድር ውስጥ ቢያረጅም የውኃ ሽታ ሲያገኝ እንደሚለመልም ኢዮብ ይናገራል። ስብከቱ ቁጥር 9 ላይ ቢያበቃ ምንኛ ባማረ! ቁጥር 10 ግን ይከተላል፦ ሰው ግን ይሞታል። ኢዮብ ዛፉን ያነሣው ለመጽናናት ሳይሆን ለእሮሮ ነው፤ ዛፍ ያለውን እኔ የለኝም እያለ ነው። ስለዚህ የጉቶውን ማቆጥቆጥ የክርስቲያን ተስፋ ማስረጃ አድርገን ብንሰብክ ክፍሉን እናጣምማለን። ማስረጃው የተከፈተው መቃብር ነው። ጳውሎስም በሮሜ 8፥19-23 ነገሩን የሚያያይዘው ከዚያ ተነሥቶ ነው፤ ፍጥረት የሚጠብቀው የእግዚአብሔርን ልጆች መገለጥ ነው፣ እኛም የምንጠብቀው የሰውነታችንን ቤዛ ነው። ፍጥረት ሥጋችን ከሚጠብቀው ተስፋ ሌላ የራሱ ተስፋ የለውም። ሪናውዶ በዚህ ላይ ሥነ መለኮታዊ ክርክር አያካሂዱም፤ የሚተርኩት ጸሎታቸውንና የሆነውን ነው። ለእኔ ይህ ከሄይሆ ድንጋይ ይልቅ ለወንጌል ይቀርባል፤ ምክንያቱም ተስፋው የመጣው ነገሩ እየተሻሻለ ስለታየ ሳይሆን ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

የሪናውዶ መጽሐፍ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳይነበብ እሰጋለሁ። እኛ የሚስዮናዊ ታሪክ ስንወድ ጀግናውን እንወዳለን። ታሪኩ ራሱ የሚያሳየው ግን የአንድ ሰው ዓይን መከፈት በቂ እንዳልነበረ ነው። በኒጀር ሕግ ዛፍ የመንግሥት ንብረት ነበር፤ ገበሬው በማሳው የበቀለውን ዛፍ እንዳይቆርጥ ስለሚከለከል እንዲበቅልም ምክንያት አልነበረውም። ነገሩ የተፈታው የአካባቢው የደን ኃላፊዎች ገበሬው የጠበቀውን ዛፍ እንዲጠቀምበት ሲፈቅዱ ነው። እዚሁ አገራችን በወላይታ ሁምቦ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በወርልድ ቪዥን በተካሄደው ሥራ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በዚሁ ዘዴ እንዲያገግም የተደረገው ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የመጠቀም መብት በሕግ ከተሰጣቸው በኋላ ነው። ከዚያም ደኑ የሚይዘው የካርቦን መጠን ተለክቶ ለዓለም ባንክ ተሽጧል።

የሁምቦን ነገር ባሰብሁ ቁጥር ኤርምያስ 32 ይመጣብኛል። ኢየሩሳሌም ተከባለች፤ ነቢዩ በግዞት ቤት ነው፤ ከተማይቱ እንደምትወድቅ ራሱ ተንብዮአል። በዚያ ሰዓት በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ይገዛል። ስለዚህ ክፍል የሰማኋቸው ስብከቶች በእምነቱ ላይ ይቆያሉ፤ ጽሑፉ ግን ከምንጠብቀው በላይ የሚቆየው በወረቀቱ ላይ ነው። ብሩ በሚዛን ተመዘነ፣ ውሉ ተጻፈ፣ ታተመ፣ ምስክሮች ፈረሙ፣ የታተመውና የተከፈተው ቅጂ ለባሮክ ተሰጠ፣ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ተቀመጠ። የነቢዩ ተስፋ ምስክርና ሰነድ ያለው ግላዊ እርምጃ ነበር። እርሻውን እንደማያርሰው እያወቀ ገዛው። «የግል እርምጃ ምን ይጠቅማል?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ ቅዱሳዊ መልስ አላገኘሁም፤ መልሱም ሄይሆ እንደሚሉት ንግግር ብቻ አይደለም፣ ሪናውዶን ስናነብ እንደሚመስለን የአንድ ሰው ትጋት ብቻም አይደለም።

አሁን ወደ ወንጌላዊው ጥያቄ ልመለስ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀሩ፤ በቦረና ከብት በቁሙ አለቀ። ዎርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ሰው ያመጣው የሙቀት መጨመር ያን መሰሉን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ እንዳሳደገው ገምቷል። መላው አፍሪካ ወደ አየር ከሚለቀቀው በካይ ጋዝ የሚይዘው ድርሻ ከመቶ 4 እንኳ አይሞላም። እንግዲህ «በኃጢአታችን ነው» ስንል የማንን ኃጢአት ነው? ከብቱ ያለቀበትን አርብቶ አደር በመድረክ ፊት ንስሐ ግባ ማለት የኢዮብ ወዳጆች ሥራ ነው። ኃጢአት አለበት፤ ግን ኃጢአቱ ርቆ የሚኖር ነው፣ ፍሬው ብቻ ነው እዚህ የሚበላው። የሁለቱ መጻሕፍት ክብደት በዚህ ላይ አይደለም። ሄይሆ ድሀው ቀድሞ እንደሚጎዳ ይናገራሉ፤ ጉዳዩን የዕዳ ጉዳይ አድርጎ ማቅረብ ግን የነቢያትን ቋንቋ ይፈልጋል፤ አሞጽን የሚያነብ የአፍሪካ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሊጽፈው የሚገባ መጽሐፍ ገና ይቀራል።

ሁለተኛው መልስ፣ «የመጨረሻው ዘመን ነው» የሚለው፣ የሚደገፈው በ2ኛ ጴጥሮስ 3፥10 ላይ ነው። በቀድሞው የአማርኛ ትርጉማችን ምድርና በእርስዋ ላይ የተደረገው ሁሉ «ይቃጠላል» ይላል። በጥንታዊዎቹ የግሪክ ቅጂዎች የሚገኘው ቃል ግን «ይገኛል» ማለት ነው፤ ተመርምሮ በፊቱ የተገለጠ ይሆናል እንደ ማለት። ግሪክ የተማራችሁ አገልጋዮች ይህን ለጉባኤያችሁ ብትነግሩ ማንንም አታሰናክሉም። ምድሪቱ ተቃጥላ ትጥፋም እንበል፣ በእሳት ተፈትና ትገለጥ፣ ጴጥሮስ በቁጥር 11 ከዚህ የሚያወጣው ጥያቄ እንዴት እንኑር የሚል ነው። ሥራችን የሚገኝ ከሆነ ደግሞ የተገኘው ምን እንደሚሆን ያስፈራል።

ስለ ራሳችን ብናገር ይሻላል። የማውቃት አንዲት አጥቢያ በአንድ ክረምት ሰልፍ ወጥታ ችግኝ ተከለች፤ ቲሸርት ታተመ፣ ፎቶ ተነሣ፣ እኔም በጸሎት ከፈትሁት። በበጋው ማን ያጠጣል የሚለው በፕሮግራሙ ላይ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ጉድጓድ ሌላ ችግኝ ተተከለ። ግቢው ጥግ ላይ ግን ለአዳራሹ አጥር ሲባል የተቆረጠ የወይራ ጉቶ ነበረ፤ በየዓመቱ ያቆጠቁጥና ፍየል ይበላዋል። ሪናውዶን ካነበብሁ በኋላ ለሽማግሌዎቹ ነገርኋቸው። ጉቶውን ለማጠር አራት እንጨትና ጥቂት ሽቦ ይበቃ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ግን የመሬቱ የይዞታ ማረጋገጫ ገና ስላልወጣ በዚያ ጥግ ላይ ምንም እንዳናደርግ አሳሰቡ። ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ኤርምያስን አሰብሁ። ጉዳዩ አሁን ወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው፤ እስከዚያው ፍየሉን የሚያስሩ ሁለት ወጣቶች ተመድበዋል።