ሚልተንና ግሸን

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ሚልተንን የተማርነው በፎቶኮፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1667 ስለታተመው «ፓራዳይዝ ሎስት» መምህራችን ያላስጻፈን የለም፤ ዐይነ ስውሩ ገጣሚ በቃሉ እየተናገረ እንዳስጻፈው፣ ግጥሙ ቤት እንደማይመታ፣ ሰይጣኑ ጀግና ነው አይደለም... ሸመደድን፣ አለፍን።

ታዲያ ከዓመታት በኋላ አራተኛውን መጽሐፍ ያለፈተና ሳነበው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበት «አማራ ተራራ»! ሊቃውንት ከኛው አምባ ግሸን ጋር ያገናኙታል። ሚልተን ግን የሚያነሳው ሊጥለው ነው፤ አንዳንዶች እውነተኛው ገነት ይህ ነው ቢሉም ከኤደን ጋር አይወዳደርም ይለናል። እንግዲህ በዚህ መከራከር ነበር! መስከረም 21 ግሸን ማርያምን የሚሳለም የወሎ ልጅ እኮ አብሮን ይማር ነበር። ስለ ተራራው የጠየቀው የለም፤ ሰይጣኑን ግን እንደኛው በቃሉ ይወጣው ነበር።