ከውኃው ዳር የቀረ ሰው

በዮሐንስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ፣ በኢየሩሳሌም ቤተ ሳይዳ በምትባል መጠመቂያ አጠገብ ተኝቶ ስለነበረው፣ 38 ዓመት ስለ ታመመው ሰው የተጻፈ ታሪክ አለ። በመምህርነቴ ዘመን ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ዛሬ ግን ያን ትምህርቴን ራሴ ስመረምረው ትልቅ ጉድለት አገኝበታለሁ። ይኸውም ስለ ተአምሩ ብቻ ስናገር፣ በውኃው ዙሪያ ስለነበሩት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ አለመጠየቄ ነው። በሽተኛው ያጣው ውኃ አልነበረም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ነው። እርሱ ሲሞክር ሁልጊዜ ሌላው ይቀድመው ነበር።

ይህን ጉድለት ያስተዋልሁት በስምጥ ሸለቆ ባለ አንድ ፍል ውኃ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ለጉልበቴ ሕመም ወደዚያ ሄጄ ሳለሁ፣ ጣቶቻቸው በሥጋ ደዌ የተጎዱ አንድ ሽማግሌ መጥተው ልብሳቸውን ከልብሴ አጠገብ አኖሩ። እኔም አንድ ቃል ሳልናገር ልብሴን አንሥቼ ራቅ አልሁ። ሽማግሌው አዩኝ፤ ነጠላቸውንም ደርበው ሳይታጠቡ ተመለሱ። «አትግቡ» ያላቸው ማንም የለም፤ የከለከላቸው የእኔ ፈቀቅ ማለት ነው።

ይህ በሽታ በሕክምና እንደሚድን፣ ታክሞ የዳነ ሰውም ወደ ሌላ እንደማያስተላልፈው፣ የጣት ጉዳት ግን ከዳኑም በኋላ እንደሚቀር ለተማሪዎቼ አስተምሬ ነበር። እንግዲህ የጎደለኝ ዕውቀት አልነበረም፤ ትሕትና ነበር እንጂ።

ደግሞስ ውኃው የማን ነው? ዝናም ወደ ምድር ጥልቅ ሰርጎ፣ በጋለ ዓለት ሞቆ፣ በስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። ማንም አልደከመበትም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ከእንጦጦ ወርደው የታጠቡበትን ፍል ውኃ፣ ከዚያ ወዲህ ተራው ሕዝብም ታጥቦበታል። ምንጩ ሁሉን እኩል ያሞቃል፤ የሚለየው ሰው ነው።

ይህን ስል ሁሉም እንደ ፈቀደው ይሁን ማለቴ አይደለም። የሚመግል ቁስል ያለበት ሰው እስኪድን ድረስ ከጋራ ገንዳ መቆየት ይገባዋል። ሳይለቃለቁ መግባት፣ በምንጩ ላይ ልብስ ማጠብ፣ በሌላው ገላ ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ ለሀብታሙም ለድኻውም አንድ ይሁን።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ያን ታሪክ ዛሬ ባስተምር ኖሮ፣ አስቀድሜ የምጠይቅህ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንዱ እንኳ ተራውን ለምን እንዳልለቀቀለት ነበር። ስለዚህ ወደ ፍል ውኃ በሄድህ ጊዜ፣ ከመግባትህ በፊት ከዳር የቀረ ሰው እንዳለ ተመልከት፤ ስፍራ ልቀቅለት፤ ደረጃው የሚያዳልጠውንም ክንዱን ያዝ። እኔ በዚያ ቀን ጉልበቴ ቀልሎኝ፣ ልቤ ግን ከብዶኝ ተመልሻለሁ።