ከገንዳው ዳር የቆመው ሰው

ዳያና ናያድ የተባለችው አሜሪካዊት ዋናተኛ ከኩባ ተነስታ ፍሎሪዳ ለመድረስ መጀመሪያ የሞከረችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የ28 ዓመት ወጣት ነበረች፤ አልሆነላትም። በማግሥቱ ዓመት የውድድር ዋናን እርግፍ አድርጋ ተወች። ሠላሳ ዓመት አለፈ። ስድሳ ሲሞላት ያ ባሕር እንደገና ይጠራት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት ጊዜ፣ በ2012 አንድ ጊዜ ሞከረች፤ አንዴ አስሙ፣ አንዴ ጄሊፊሹ፣ አንዴ ማዕበሉ መለሳት። በ2013 በ64 ዓመቷ 177 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 53 ሰዓት ገደማ ዋኝታ ኪ ዌስት የባሕር ዳርቻ ላይ እየተንገዳገደች ወጣች። በ2023 የወጣው «ናያድ» የተሰኘ ፊልም የሚተርከው ይህንኑ ነው።

ፊልሙን ያየ ሁሉ «አየህ፣ ዕድሜ አይገድብም!» እያለ ሲወጣ እሰማለሁ። እኔ ግን ፊልሙ እንዲህ አላለም ባይ ነኝ። ናያድ እዚያ አሸዋ ላይ ቆማ፣ አፏ በጨው አብጦ፣ ሦስት ነገር ተናግራለች። ተስፋ አትቁረጡ አለች፤ ለሕልም ማንም አያረጅም አለች። እነዚህን ሁለቱን ሰዉ ሁሉ በቃሉ ይዟቸዋል። ሦስተኛውን የሚያነሳው ግን የለም፤ ዋና የብቸኛ ሰው ስፖርት ይመስላል እንጂ የቡድን ሥራ ነው ማለቷን። መቼም የሰው ጆሮ የሚወደውን መርጦ ነው የሚሰማው።

የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ በእኔ አነባበብ ናያድ አይደለችም፤ ጆዲ ፎስተር የተጫወተቻት ቦኒ ስቶል ናት። ቦኒ አትዋኝም። ጀልባው ጠርዝ ላይ ተንበርክካ ታያለች። ክንድ ሲዝል፣ ከንፈር ሲጠቁር፣ አእምሮ ሲዋዥቅ የምታየው እሷ ናት፤ «በቃ፣ ውጪ» ለማለት የሚደፍረውም አንደበት የእሷ ነው። ፎስተር ይህን በዓይኗ ብቻ ስትጫወተው ማየት ግሩም ነው። በአንጻሩ ፊልሙ ወደ ልጅነት የሚመለስባቸው ትዕይንቶች ደካሞች ናቸው። ናያድ በልጅነቷ አሰልጣኟ በደል እንዳደረሰባት ተናግራለች፤ ፊልሙም ያነሳዋል። ከገንዳው ዳር ቆሞ ያያት የመጀመሪያው ሰው የከዳት ሴት፣ በስድሳ ዓመቷ ሰውነቷን እንደገና ለሌላ ሰው ዓይን አሳልፋ መስጠት እንዴት ቻለች? ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነበር። ዳይሬክተሮቹ ግን በብልጭ ድርግም ትዝታ አለፉት። ያሳዝናል።

የሚገርመው ደግሞ ናያድን ሆና የተጫወተችው አኔት ቤኒንግ ራሷ ለፊልሙ ስትዘጋጅ አሰልጣኝ ነበራት፤ በ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ የዋኘችው ራዳ ኦወን ናት ያሰለጠነቻት። ዋናተኛ ለመምሰል እንኳ አሰልጣኝ ያስፈልጋል ማለት ነው። ዳራ ቶረስንም እናስታውስ፤ በ41 ዓመቷ ቤጂንግ ላይ ሦስት የብር ሜዳሊያ ወስዳለች፤ በ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ወርቁ ያመለጣት በአንድ መቶኛ ሰከንድ ነው። በማግሥቱ ዓመት ያወጣችው መጽሐፍ ርዕሱ ሲተረጎም «ዕድሜ ቁጥር ብቻ ነው» የሚል ነው። ርዕሱ ደስ ይላል። ነገር ግን ከሴትየዋ ጀርባ አሰልጣኝ፣ የጉልበት አሰልጣኝ፣ ጡንቻ የሚያፍታቱላት ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ርዕሱ ላይ ቦታ አልተገኘላቸውም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንብቦና አይቶ ወደ ገንዳ የሚመለሰው የሃምሳ ምናምን ዓመት ሰው ማንም የለውም። ውኃ ከአየር ስምንት መቶ እጥፍ ገደማ የከበደ ነገር ነው። ፍጥነት ሲጨምር ተቃውሞው ከፍጥነቱ በላይ ያድጋል፤ ስለዚህ ውኃ ውስጥ ከጉልበት ይልቅ ቅርጽ ይበልጣል። ጭንቅላት ትንሽ ቀና ካለ ዳሌና እግር ይሰምጣሉ፤ ዋናተኛው ኮረብታ እየገፋ ይሄዳል። ክርን ይወድቃል፤ እጅ የሰውነትን መሐል መስመር አቋርጦ ይገባል። እና ከዚህ አንዱንም ባለቤቱ አያየውም! እጁ ቀጥ ብሎ የገባ ነው የሚመስለው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘግይተሃል ይለዋል እንጂ ለምን እንደዘገየ አይነግረውም። እሱም መልሱ «ጨምር» ይመስለዋል፤ ይጨምራል፤ ትከሻው ይሄዳል። አባቶች «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ሲሉ ነገሩን በቅደም ተከተል ነው ያስቀመጡት። አሰልጣኝ የሌለው ጎልማሳ ግን ሁለቱን «ምከረው» ዘሎ በቀጥታ መከራው ዘንድ ይደርሳል።

የአሰልጣኝ ክፍያ ነው ችግሩ የሚል ይኖራል። እኔ አልስማማም። እኛ ዘንድ አሰልጣኙን ከገንዘብ ቀድሞ የሚያባርረው «አንቱታ» ነው። ገንዳው ዳር የተቀመጠው የሃያ ዓመት ነፍስ አድን ሠራተኛ የጋሼን ክርን ሲወድቅ አጥርቶ ያያል። ምን ይላል? «ጋሼ፣ ጀግና ነዎት!» ይላል። እንዴት አድርጎ ትልቅን ሰው ያርም? ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምርም ይኸው ነበር፤ ስሙ የገነነን ደራሲ አዲስ ሥራ ረቂቁን አንብቦ «ይሄ ምዕራፍ አይሆንም» የሚለው ሰው አይገኝም፤ ስህተቱ ታትሞ ነው የሚወጣው። ውኃ ግን አንቱ አይልም።

ናያድም ብትሆን ከዚህ ዕዳ አላመለጠችም። ያ ታላቅ ጉዞዋ በተቀባይነት አልጸደቀም፤ የዓለም ክፍት ውኃ ዋና ማኅበር በ2023፣ ፊልሙ ሊወጣ ሲል፣ መዝገቡ የተሟላ ስላልሆነ አላጸድቅም ብሏል። ጀልባ ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ ወዳጆቿ ነበሩ፤ የጎደለው ወዳጅ ሳይሆን ባዕድ ዓይን ነው። ፊልሙ ይህን ቢደፍረው ኖሮ እንዴት ያለ ፊልም ይወጣው ነበር!

ሜሪላንድ የሚኖር አንድ አብሮ አደጌ አለ። በተማሪነቱ ይወዳደር የነበረ፣ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ውኃ ያልነካ፣ በ55 ዓመቱ ማስተርስ የሚሉት የአዋቂዎች ውድድር ውስጥ የተመለሰ ሰው ነው። አሜሪካኖቹ ይህን ውድድር የጀመሩት በ1970 አማሪሎ ቴክሳስ ውስጥ ነው፤ በአምስት በአምስት ዓመት የዕድሜ ምድብ ስለሚያወዳድር እዚያ ማርጀት ሰርግ ነው፤ 55 የሞላው ሰው የአዲሱ ምድብ ጎረምሳ ይሆናል። ከመድረክ መዝለል የፈራም ውኃ ውስጥ ሆኖ መነሳት ይፈቀድለታል። ደግ ሕግ ነው። ወዳጄ ለብቻው እየለመደ ሦስት ጊዜ ተወዳደረ፤ ሦስቴም ሰዓቱ ንቅንቅ አላለም። ሲደውልልኝ ስለ ዕድሜው ያማርራል።

«ዕድሜህን ተወውና አንድ ሰው ይይህ» አልኩት።

«ማን?»

«ከጎንህ መስመር የሚዋኘው ማነው?»

ልጁን የምታህል፣ ኮሌጅ የጨረሰች ልጅ ናት። አስቲ እይኝ ብሎ ለመጠየቅ አንድ ወር ፈጀበት። እሷ ደግሞ የእኛን ይሉኝታ አታውቅ፤ በስልኳ ከጎን ቀረጸችውና አሳየችው። ሁለት ቀን ተቆጥቶ ገንዳ አልሄደም። «እኔ እንደዚያ አልዋኝም፣ ሌላ ሰው ነው የቀረጸችው» ሲል ሰማሁት። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ሰሞኑን ስንነጋገር ሰዓቱን አላነሳብኝም፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያወራኝ ስለ አንገቱ ነበር።