ቁጡ ውሻን የመግራት ጥበብ

በዲላ ዙሪያና በጌዴኦ ምድር፣ ቀዩ እሸት ቡና ከእንሰቱ አጠገብ ተለቅሞ በማድረቂያ አልጋ ላይ በሚሰጣበት ወራት፣ የገበሬውን ድካም ከሌሊት ሌባ የሚጠብቅ ውሻ ታላቅ ባለውለታ ነው፤ ነገር ግን ይኸው ዘበኛ ሁልጊዜ ታስሮ፣ በዱላና በድንጋይ እየተቀጠቀጠ ያደገ እንደ ሆነ፣ ወዳጅን ከጠላት ሳይለይ ሕፃኑንም ጎረቤቱንም ይነክሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፍጥረት በትዕግሥት የሚገራው ባለሙያ ውዳሴ ይገባዋል፤ እርሱ የቁጣው ሥር ብዙውን ጊዜ ፍርሃት መሆኑን ተረድቶ፣ አስቀድሞ ሕመም እንዳይኖርበት በእንስሳት ሐኪም አስመርምሮ፣ የሚያስፈራውን ነገር በመጀመሪያ ከሩቅ እያሳየ፣ ጸጥ ባለ ቁጥር በቁራሽ ሥጋ እየሸለመ፣ ርቀቱን በጥቂት በጥቂቱ ያሳጥርለታልና። በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ውሻ አንድን ድምፅ ከምግብ ጋር ማዛመድ እንደሚማር በምርምሩ ገልጧል፤ የገሪውም ጥበብ አንዱ መሠረት ይኸው ነው። ዱላ ግን ፍርሃትን ያበዛል እንጂ ጠባይን አያቀናም። እንግዲህ ውሻ ያለህ ወንድሜ ሆይ፣ ቡችላህን ከታናሽነቱ ጀምረህ ከሰው ጋር አለማምደው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በየጊዜው አስከትበው።